የአንባቢው ዋጋ

ተማሪ ምን ይበላል? ይህ ጥያቄ በሀገራችን ከራሱ ከትምህርት ያላነሰ ዕድሜ አለው። የጥንቱ የቆሎ ተማሪ ለምዱን ደርቦ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ የውሻ መከላከያ ዱላውን ይዞ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል፣ ባለቤቲቱም ካላት ላይ ቆርሳ ስትሰጠው፣ በመካከላቸው ያልተጻፈ ውል ነበር። እርሱ ይማራል፤ መንደሩ ያበላዋል። ዛሬ በመሥሪያ ቤት ቋንቋ «የተማሪዎች ድጎማ» የምንለው ነገር የመጀመሪያ መልኩ ይኸው ነበር።

በዚያ ትምህርት ቤት ውስጥ ደግሞ ብዙ ያልተነገረለት አንድ ነገር አለ። ከቅኔና ከዜማ መምህራን መካከል የዓይን ብርሃን የሌላቸው ነበሩ። ከሩቅ አገር እግር እያደማ ተማሪ የሚመጣላቸው፣ ስማቸው በጉባኤ የሚጠራ ሊቃውንት ነበሩ። ይህ እንዴት ሆነ ብለን ብንጠይቅ መልሱ ተአምር አይደለም። ትምህርቱ በቃል ነበር። መምህሩ በቃሉ ይዘርፋል፣ ተማሪው በጆሮው ይቀበላል፣ በልቡም ያትማል። ማየት የተሳነው ደቀ መዝሙር ከጓደኞቹ የተለየ የሚያስፈልገው ነገር ቢኖር ለልመና ሲወጣ መንገድ የሚመራው ጓድ ነበር። ጉባኤው ላይ ከተቀመጠ በኋላ ግን ከማንም አያንስም።

ያ ሥርዓት ፍጹም ነበር ማለቴ አይደለም። መስማት ለተሳነው ሰው ደጁ ዝግ ነበር፤ ምክንያቱም ሁሉ ነገር በጆሮ ነበርና። ነገር ግን ከሁለቱ፣ ከተከፈተለትም ከተዘጋበትም፣ አንድ ትምህርት እናገኛለን። ሰውን ከማዕዱ የሚያስቀረው የዓይኑ ወይም የጆሮው ጉዳት ብቻ አይደለም፤ ትምህርት ቤቱ የተሠራበት መልክ ነው። ዘመናዊው ትምህርት ቃልን ከአፍ አውጥቶ በወረቀት ላይ አሰፈረው። ይህም መልካም ሆነ። ያን ወረቀት መልሶ ወደ ድምፅ ወይም ወደ ጣት የማምጣቱ ወጪ ግን በማን ላይ ወደቀ? ወረቀቱን በመረጠው ትምህርት ቤት ላይ ነው ወይስ ወረቀቱን ማየት በማይችለው ተማሪ ላይ? ይህች መጣጥፍ የተጻፈችው ስለዚህ ጥያቄ ነው።

ጥያቄውን ከሰማይ ወደ ምድር እናውርደው። ወላይታ ሶዶ በዳሞት ተራራ ተዳፋት ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል የፖለቲካና የአስተዳደር መቀመጫ ሆናለች። በ1999 ዓ.ም. የተቋቋመ ዩኒቨርሲቲ አላት፤ ዋናው ግቢው ጋንዳባ ይባላል። ለጉዳያችን ይበልጥ የሚጠቅመን ግን ሌላ እውነት ነው። በዚያችው ከተማ የኦቶና ዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ይገኛል። በሀገራችን ዓይነ ስውራን ሕፃናት እያደሩ የተማሩባቸው ትምህርት ቤቶች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ሰበታ፣ ባኮ፣ ሻሸመኔ፣ ጎንደር፣ መቀሌ ብለን ስንቆጥር ሶዶ ከነዚያ ጥቂት ስሞች አንዷ ናት። እንግዲህ ወላይታ ለዓይነ ስውር ልጅ የመጀመሪያውን ፊደል በጣቱ ካስያዙት ጥቂት ሥፍራዎች መካከል ናት ማለት ነው። ፊደሉን ያስያዘች ከተማ የዲግሪው ነገር ሊያሳስባት ይገባል።

አሁን ከሁምቦ ወይም ከኪንዶ ኮይሻ የመጣች አንዲት ዓይነ ስውር ልጅ እናስብ። ስም አንሰጣትም፤ ብዙ ናትና። ወላጆቿ ገበሬዎች ናቸው። ወላይታ በሀገራችን ሕዝብ ተጨናንቆ ከሚኖርባቸው የገጠር አካባቢዎች አንዱ ስለሆነ የቤተሰቡ መሬት ከጓሮ እምብዛም አይበልጥም። ጥቂት እንሰት፣ ጥቂት ስኳር ድንች፣ ጥቂት በቆሎ አለ። ልጅቱ የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና አለፈች። እዚህ ላይ መንግሥት ጉዳቷን ያውቅላታል፤ ለዓይነ ስውራን የተለየ የመግቢያ ነጥብ አለ፤ በምደባም ጊዜ የአካል ጉዳተኞች ምርጫ በልዩ ሁኔታ ይታያል። ይህ የሚመሰገን ነው። ከዩኒቨርሲቲው በር ከገባች በኋላ ግን ጉዳቷ ከሒሳቡ ይሰወራል። እንደ ማንኛውም ተማሪ አልጋ ታገኛለች። እንደ ማንኛውም ተማሪ በካፌው ትመገባለች። እንደ ማንኛውም ተማሪ ክፍል ትገባለች። «ሁሉም እኩል ነው» ይባላል። እኩልም ነው፤ ፍትሐዊ ግን አይደለም።

ለምን ቢሉ፣ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ የእርሷ ትምህርት ሌሎች የማያውቁት ዋጋ አለው። የማስተማሪያ ጽሑፉ በፎቶ ኮፒ ይታደላል፤ ለእርሷ ግን የሚያነብላት ሰው ያስፈልጋታል። ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። በአንድ መንፈቅ አምስት ትምህርት ብትወስድ፣ እያንዳንዱም በሳምንት ሠላሳ ገጽ ቢያስነብብ፣ አንዱን ገጽ ጮክ ብሎ ማንበብ ሦስት ደቂቃ ቢወስድ፣ በሳምንት ሰባት ሰዓት ተኩል የሌላ ሰው ድምፅ ትፈልጋለች። በአሥራ ስድስት ሳምንት 120 ሰዓት ይሆናል። በአራት ዓመት ስምንት መንፈቅ 960 ሰዓት። ይህም በቀን ስምንት ሰዓት የሚሠራ ሰው የ120 ቀን ሥራ ነው። እንግዲህ አንድ ሰው መቶ ሃያ ሙሉ የሥራ ቀን ከአጠገቧ ተቀምጦ ካላነበበላት ጓደኞቿ ያነበቡትን አታነብም። ይህም አንድ ጊዜ ብቻ ለማንበብ ነው፤ ለፈተና መከለስ አልተጨመረበትም።

ይህን ሥራ ዛሬ የሚሠራው ማነው? አብዛኛውን ጊዜ ጓደኛዋ ነው። ጓደኛ ደግሞ የራሱ ፈተና አለው። ፈተናው በቀረበ ቁጥር የእርሷ ፍላጎት ይጨምራል፣ የእርሱ ጊዜ ይቀንሳል። ስለዚህ ልጅቱ ሻይ ትጋብዛለች፣ የሞባይል ካርድ ትሞላለች፣ ፎቶ ኮፒውን በራሷ ገንዘብ ታስነሣለች። በመዝገብ ላይ ያልሰፈረ ደመወዝ ትከፍላለች ማለት ነው። ገንዘብ በሌላት ሳምንት ደግሞ በውለታ ትከፍላለች፤ ውለታም ሲጠራቀም ከብር ይከብዳል።

አንባቢው ብቻ አይደለም። ነጭ በትር አለ። የብሬል ወረቀት አለ፤ ወፍራምና ውድ ነው፤ አንድ የታተመ ገጽ በብሬል ሲገለበጥ ከአንድ ገጽ በላይ ይወስዳል። መቅረጸ ድምፅ አለ። ጽሑፍን በድምፅ የሚያነብ ስልክ አለ። «ዛሬማ ስልኩ ያነብላቸዋል» የሚሉ አሉ፤ እውነት ነው፣ ቴክኖሎጂው ብዙ አቅልሏል። ነገር ግን ስልኩ በገንዘብ የሚገዛ ነው፤ ደግሞም ለአራተኛ ጊዜ ፎቶ ኮፒ የተነሣ፣ ጠርዙ የጠቆረ ወረቀት ለስልክም አይነበብም። ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ ደግሞ የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. መገባደጃ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ዋጋው ወዴት እንደሄደ ሁላችንም እናውቃለን። እግሯ የተጎዳች ተማሪ ብትሆን ደግሞ የክራንች ጎማ፣ የተሽከርካሪ ወንበር ጥገና፣ ሌላው በእግሩ ለሚወጣው የሶዶ ዳገት የባጃጅ ኪራይ አለ። ጓደኞቿ አሥር ደቂቃ ተራምደው የሚደርሱበት ለእርሷ በየቀኑ የሚከፈል ዕዳ ነው።

ጉዳዩ ዓይንና እግር በሚታይ መንገድ በተጎዱት ብቻ አያበቃም። ወላይታ የራሷ የሆነ፣ ከአፈሯ የወጣ ሥቃይ አላት። በቀዩ የእሳተ ገሞራ አፈር ላይ በባዶ እግር ለዓመታት የሚሄድ ሰው እግሩ ያብጣል፤ ዝሆኔ እንለዋለን። የዚህን ዓይነቱን ዝሆኔ መነሻ ትል ሳይሆን አፈሩ መሆኑን ኧርነስት ፕራይስ የተባለው እንግሊዛዊ ሐኪም በሀገራችን ባደረገው ምርምር አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣ ጥናት በወላይታ ዞን በሽታው ከመቶ ሰው 5.46 ያህሉን እንደሚያጠቃ አስፍሯል። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ በሽታው ዞኑን በዓመት ከ16 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር በላይ እንደሚያሳጣው ገምቷል። ይህ እግር ይዞ ኮሌጅ የሚገባ ወጣት ሳሙና፣ ቅባት፣ ፋሻና ለእግሩ ልክ የተሰፋ ጫማ ያስፈልገዋል። ከሁሉም በላይ ደግሞ የሚሸሸው ጎረቤት አለበት። እንግዲህ «አካል ጉዳተኛ» ሲባል ነጭ በትርና ክራንች ብቻ የሚታየው መዝጋቢ ይህን ወጣት በየትኛው ዓምድ ይጽፈዋል? መስማት ለተሳነው ተማሪ ደግሞ ወጪው የሰው ደመወዝ ነው፤ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ከሌለ ክፍል ውስጥ መቀመጡ መቀመጥ ብቻ ነው።

ሕጉስ ምን ይላል? ሕጉ ዝም አላለም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በመንግሥት ገንዘብ በሚካሄዱ ማኅበራዊ አገልግሎቶች በእኩልነት የመጠቀም መብት እንዳለው ይደነግጋል፤ መንግሥትም አቅሙ በፈቀደ መጠን ለአካል ጉዳተኞች እንክብካቤ ሀብት እንዲመድብ ያዛል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 650 ስለ አካል ጉዳተኛ ተማሪዎች አንቀጽ 40ን መድቦ ነበር፤ ክፍል ስለመቀየር፣ ስለተለየ የፈተና አሰጣጥ፣ ስለ መርጃ መሣሪያ ተናግሯል። በ2011 ዓ.ም. ይህ አዋጅ በቁጥር 1152 ተተክቷል። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብቶች ዓለም አቀፍ ስምምነት በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 676 አጽድቃለች፤ የዚያ ስምምነት አንቀጽ 24 አካል ጉዳተኞች ከፍተኛ ትምህርትን ያለ አድልዎ፣ ተመጣጣኝ ማመቻቸትም ተደርጎላቸው እንዲያገኙ ያስገድዳል።

ሆኖም በሕጎቻችን መካከል እንደ ቀይ ክር የሚሄድ አንድ ሐረግ አለ፤ «አቅም በፈቀደ መጠን»። ሐረጉ ክፉ አይደለም፤ ድሃ አገር ያላትን ያህል ብቻ ነው የምትሰጠው። ግን አቅም የሚፈቅደው ማነው? አቅም በራሱ አፍ አውጥቶ አይናገርም። በጀት ሲደለደል የጠረጴዛው ባለቤት ነው የሚናገርለት። ለመመረቂያ ድግስ፣ ለእንግዳ አቀባበል፣ ለበር ማስዋቢያ የፈቀደ አቅም ለብሬል ወረቀት አልፈቅድም ካለ፣ ያ የአቅም ማነስ ሳይሆን የቅደም ተከተል ጉዳይ ነው።

በአንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎቻችን ለአካል ጉዳተኛ ተማሪዎች በየወሩ የኪስ ገንዘብ የመስጠት ልማድ አለ። የሚሰጡትን አመሰግናለሁ። ነገር ግን መጠኑም፣ ጊዜውም፣ አሰጣጡም ከተቋም ተቋም ይለያያል። አንድ ዓይነት ጉዳት ያላቸው ሁለት እህትማማቾች በምደባ ዕጣ ብቻ አንዷ የምታገኘውን ሌላዋ ላታገኝ ትችላለች። በከተማ ቤት ተከራይተው በሚማሩ የሙያና የግል ኮሌጅ ተማሪዎች ዘንድ ደግሞ ነገሩ ጨርሶ ላይነሣ ይችላል። በበጎ ፈቃድ ላይ የቆመ ድጋፍ ጠባዩ ይህ ነው፤ ደጉ ኃላፊ ሲዛወር ድጋፉም አብሮት ይዛወራል። ተማሪዋም ድርሻዋን ልትቀበል ሳይሆን ፊት አይታ ልትለምን ወደ ቢሮ ትሄዳለች። የቆሎ ተማሪው ልመና ክብር ነበረው፤ ሁሉም ይለምኑ ነበርና። ከሺህ ተማሪ መካከል አንዷ ብቻ እንድትለምን ሲደረግ ግን ልመናው ሌላ ስም አለው።

አሁን ወደ ዕዳው እንምጣ። በ1996 የትምህርት ዘመን በተጀመረው የወጪ መጋራት ሥርዓት መሠረት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የምግቡንና የመኝታውን ሙሉ ወጪ፣ ከትምህርቱ ወጪ ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶውን ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ይከፍላል፤ ክፍያውም ከወር ገቢው ቢያንስ 10 በመቶ ነው። ሐሳቡ ምክንያታዊ ነው፤ የተማረ ያልተማረውን ገበሬ ግብር ይካፈል ዘንድ አይገባም። ይሁንና ሥርዓቱ በአንድ ያልተነገረ እምነት ላይ ቆሟል፤ ተመራቂ ሥራ ያገኛል የሚል እምነት። በ2000 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 568 አካል ጉዳተኞች በሥራ ስምሪት አድልዎ እንዳይደረግባቸው መከልከሉ ራሱ አድልዎው መኖሩን ይመሰክራል፤ የሌለ ነገር በአዋጅ አይከለከልም። እንግዲህ ልጅቱ በትምህርቷ ጊዜ ከጓደኞቿ የበለጠ ከኪሷ አወጣች፤ ስትመረቅ ከጓደኞቿ እኩል ዕዳ ተቆጠረባት፤ ሥራ ፍለጋ ስትወጣ ደግሞ ከጓደኞቿ ያነሰ ዕድል ጠበቃት። ዋናው ዲግሪ የወጪ መጋራቱ ካልተከፈለ በቀር አይሰጥም መባሉን ጨምሩበት። በአንድ ሰው ላይ ሦስት ሚዛን ተጭኖ ሁሉም «እኩል» ይባላል።

አንዳንዶች «ሲሆን አይተናል» ይላሉ። የትነበርሽ ንጉሤ አምስት ዓመቷ ላይ ዓይኗን ብታጣም ሻሸመኔ ከሚገኘው የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ተነሥታ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ተማረች፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበለች። እውነት ነው፤ እንኮራባታለን። ነገር ግን የጀግና ታሪክ ለሰነፍ ኃላፊ ማምለጫ መሆን የለበትም። ወንዝ ዋኝቶ የተሻገረ አንድ ሰው ድልድይ አያስፈልግም ማለቱ አይደለም። እኛ የሥነ ጽሑፍ ሰዎችም ከዚህ ነቀፋ ነፃ አይደለንም። «ዕውር ቢሸፍት ጓሮ ለጓሮ» ብሎ የሚሣለቅ ተረት ወርሰናል፤ በልቦለዶቻችን ውስጥ አካል ጉዳተኛው ወይ በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ለማኝ ነው ወይ ምሥጢር የተገለጠለት ትንቢተኛ። ደረሰኝ ይዞ በገንዘብ ያዥ መስኮት ፊት የተሰለፈ ተራ ተማሪ ሆኖ ስንቴ አየነው?

ለወላይታ ሰው ይህን ሙግት ማስረዳት የሚከብድ አይመስለኝም። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የወላይታን፣ የጋሞን፣ የጎፋንና የዳውሮን ቋንቋዎች አደባልቆ «ወጋጎዳ» የተባለ የማስተማሪያ ቋንቋ ሲመጣ፣ መጽሐፉም ታትሞ በየክፍሉ ሲታደል፣ ሕዝቡ አልቀበልም አለ። መምህራንና ተማሪዎች ወጡ፤ ሰው ሞተ። በመጨረሻም መጻሕፍቱ ተሰበሰቡ፣ በ1993 ዓ.ም. ወላይታ ራሱን የቻለ ዞን ሆነ። የዚያ ትግል ፍሬ ነገር ምን ነበር? ልጄ መጽሐፉን በሚያነበው መልክ ይሰጠው የሚል ነበር። መጽሐፍ ታትሞ መታደሉ አይበቃም፤ የተማሪው መጽሐፍ መሆን አለበት። የዓይነ ስውሯ ልጅ ጥያቄ ከዚህ በምን ይለያል? እርሷም የምትለው መጽሐፉን በማነበው መልክ ስጡኝ ነው። አባቶቿ ለራሳቸው የጠየቁትን ነው የምትጠይቀው።

ተቃውሞዎቹን አልሸሽም። የመጀመሪያው፣ አገሪቱ ድሃ ናት፤ ሌላውም ተማሪ ድሃ ነው የሚለው ነው። ሌላውም ድሃ መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን ድሃ ከሆኑ ሁለት ተማሪዎች አንደኛዋ ለዚያው ትምህርት ሁለት ጊዜ ስትከፍል፣ ድህነታቸው እኩል አይደለም። ሁለተኛው፣ ወጪው አይቻልም የሚለው ነው። የአንድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ በሺዎች ይቆጠራል፤ ከእነርሱ አካል ጉዳተኞቹ ጥቂት ናቸው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ? በአንዲት ተማሪ ጫንቃ ላይ የማይቻለው ወጪ በተቋም በጀት ላይ ሲከፋፈል እንደ ጌጥ ይቀላል። ሦስተኛው፣ ያልተጎዳ ተጎዳሁ ይላል የሚለው ሥጋት ነው። ለዚህ የሐኪም ማስረጃና ግልጽ መመዘኛ አለ፤ ጥቂት አታላዮችን ፈርቶ ብዙ ባለ መብቶችን መከልከል ግን ሌባ ፈርቶ ቤት አለመሥራት ነው።

ይልቅስ ከባዱ እንቅፋት ቆጠራው ነው። የ1999ኙ ሕዝብና ቤት ቆጠራ የአካል ጉዳተኛውን ቁጥር ከመቶ 1.09 ብቻ አደረገው። እ.ኤ.አ. በ2011 የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ባንክ ያወጡት ሪፖርት ግን የኢትዮጵያን 17.6 በመቶ አድርጎ አስፍሯል። በሁለቱ አኃዞች መካከል ሚሊዮኖች ጠፍተዋል። የሁለቱ አቆጣጠር መለያየቱ እርግጥ ነው፤ ቢሆንም ያልተቆጠረ ሰው በጀት የለውም። ስለዚህ እያንዳንዱ ኮሌጅና ዩኒቨርሲቲ በምዝገባ ቀን «ለመማር ምን ያስፈልግሃል?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ይህ ብቻውን የፍትሕ መጀመሪያ ይሆናል።

ሌሎች ይህን መንገድ ሄደውበታል። በብሪታንያ ከጉዳት የተነሣ ለሚመጣ ተጨማሪ የትምህርት ወጪ ከብድሩ የተለየ፣ የማይመለስ ድጎማ ለተማሪው ይሰጣል። የሀብታም አገር ነገር ነው የሚል ቢኖር ደቡብ አፍሪካን ይመልከት፤ የመንግሥቱ የተማሪዎች ድጎማ ተቋም ለአካል ጉዳተኞች የመርጃ መሣሪያንና የረዳት ሰውን ወጪ ለይቶ ይሸፍናል። መሠረተ ሐሳቡ አንድ ነው፤ የትምህርት ወጪና የጉዳት ወጪ ተለያይተው ይቆጠራሉ፣ ሁለተኛው በተማሪው ዕዳ ላይ አይጨመርም።

ከሩቅ መሄድም አያስፈልግም፤ ዓባይን ተከትለን እንውረድ። ግብፃዊው ጣሃ ሑሴን ገና ሕፃን ሳለ ዓይኑን አጣ። እ.ኤ.አ. በ1914 የግብፅ ዩኒቨርሲቲ በራሱ ወጪ ወደ ፈረንሳይ ላከው። ወንድሙ አብሮት ሄደ። እዚያም ሱዛን የተባለች ወጣት ታነብለት ጀመር፤ በኋላም ሚስቱ ሆነች። ስለ ኢብን ኻልዱን የጻፈው የዶክትሬት ሥራ በእርሷ ድምፅ ከተነበቡ መጻሕፍት የተገኘ ነው። ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1950 የግብፅ ትምህርት ሚኒስትር ሲሆን የሁለተኛ ደረጃን የትምህርት ክፍያ አስቀረ፤ ትምህርት ለሰው እንደ ውኃና እንደ አየር ነው የሚል እምነት ነበረው። እስቲ ወደ ኋላ እንመልሰው፤ ያ ዩኒቨርሲቲ «ለዓይነ ስውር የምናወጣው ገንዘብ የለንም» ብሎ ቢሆን ኖሮ ግብፅ የከሠረችው አንድ ተማሪ ብቻ አልነበረም። ለአንድ ሰው የተነበበ መጽሐፍ ለሚሊዮን ልጆች ደጅ ከፈተ።

እንግዲህ የምለው ይህን ነው። አንደኛ፣ ከጉዳት የተነሣ ለሚመጣ የትምህርት ወጪ በእያንዳንዱ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲና ኮሌጅ በጀት ውስጥ ራሱን የቻለ መደብ ይኑር፤ መጠኑም በትምህርት ሚኒስቴር ተወስኖ በሶዶም በባሕር ዳርም አንድ ዓይነት ይሁን። ሁለተኛ፣ አንባቢነትና የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚነት በሰዓት የሚከፈልበት ሥራ ይሁን፤ ደመወዙ ለሌሎች ድሃ ተማሪዎችም እንጀራ ይሆናል፣ ልጅቱም ከውለታ ትገላገላለች። ሦስተኛ፣ ሥራ ያላገኘ አካል ጉዳተኛ ተመራቂ ዋናውን ዲግሪውን ዕዳውን ሳይከፍል ይውሰድ፤ ሥራ ለማግኘት የሚያስፈልገውን ወረቀት ሥራ እስክታገኝ አልሰጥህም ማለት ራሱን በራሱ የሚያፈርስ ነገር ነው። አራተኛ፣ ድጋፉ ከትምህርቱ መጀመሪያ ጋር ይምጣ፤ ከፈተና በኋላ የሚደርስ የአንባቢ ክፍያ ለማንም አያነብም።

ለእኛም ለመጻሕፍት ወዳጆች የተረፈ ሥራ አለ። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2020 የማራካሹን ስምምነት ተቀላቅላለች፤ ይህ ስምምነት የታተመ መጽሐፍን ለዓይነ ስውራን በሚነበብ መልክ ለማዘጋጀት የቅጂ መብት እንቅፋት እንዳይሆን የሚያደርግ ነው። ደራሲው መጽሐፉን፣ አሳታሚውም የኮምፒውተር ቅጂውን ለዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ቢሰጥ የሚያጣው ነገር የለም። ድምፁ ያማረ አንባቢ በሳምንት አንድ ሰዓት የመማሪያ መጽሐፍ ቢቀርጽ፣ ያች አንድ ሰዓት ለሚመጡት ተማሪዎች ሁሉ ትቀመጣለች። ይህ ግን በጎ ሥራችን እንጂ የመንግሥት ግዴታ ምትክ አይደለም። ሁለቱን አናደባልቅ።

አንባቢ ሲባል እስከ ዛሬ የምናስበው ራሳችንን ነው፤ ወንበሩ ላይ ዘና ብሎ፣ መብራቱን አብርቶ፣ መጽሐፉን ለደስታው የሚገልጥ ሰው። በዚያችው ሰዓት ግን በጋንዳባ ወይም በሌላ ግቢ በአንዱ መኝታ ቤት ውስጥ ለነገ ፈተና የሚነበብ ሃያ ገጽ ይዛ ሰው የምትጠብቅ ተማሪ አለች። ንባቡ ለእርሷ መዝናኛ አይደለም፤ የሰውን ጊዜ በገንዘብ ወይም በልመና የምታገኝበት ነገር ነው። የአንባቢውን ዋጋ እርሷ ብቻዋን እንድትከፍል የፈረደ ሕግ የለም። ሕግ ሳይኖር ግን እየከፈለች ነው፤ ይህን ሒሳብ ከእርሷ ወደ ተቋሙ መዝገብ ማዛወር ደግሞ የአንድ በጀት ዓመት ውሳኔ ነው።